እምቢ የማይለው ጋሽ ደምሰው

የጋሽ ደምሰውን ሞት ያወቅሁት ከስልኬ ነው። ድሮ እድር ጡሩምባ ያስነፋ ነበር፤ አሁን የጡረተኞች እድራችን መልእክት ይልካል። እኔ ፊደል ላይ ዝግ ያልኩ ሰው ነኝ። «የመሥሪያ ቤታችን ባልደረባ የነበሩት» የሚለውን ቆጥሬ ስሙ ጋ እስክደርስ፣ ላፍቶ ላይ ልሳፈርበት የነበረው ታክሲ ሞልቶ ሄደ። ስሙን ሳየው ስልኩን ኪሴ ከትቼ ቆምኩ። አላለቀስኩም። ከሁሉ በፊት የተሰማኝ እፎይታ ነው። ሠላሳ ዓመት አብሮኝ የሠራ፣ ፊደል ያስቆጠረኝ፣ ቤቴን ያስቆመልኝ ሰው ሞቶ እፎይ ማለት ነውር ነው። ነውር ቢሆንም የሆነውን ነው የምጽፈው።

ወልዴ እባላለሁ። ሚኒስትር በሚቀመጥበት አንድ ትልቅ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተላላኪ ነበርኩ። ፋይል ማውጣት፣ ፋይል ማውረድ፣ ደብዳቤ ማድረስ ነው ሥራዬ። ጋሽ ደምሰው የመዝገብ ቤቱ ሹም ነበር። በሕይወቱ ሳለ አንቱ ነበር የምለው፤ አሁን እሱ ብዬ ብጽፍ የሚከፋው አይመስለኝም።

ቀጭን ረጅም ሰው ነው። ክረምት ከበጋ አንድ ግራጫ ካፖርት ይለብሳል። ጠዋት ሲገባ ጠረጴዛውን በመሐረብ ይጠርግና ሦስት እርሳስ በምላጭ ይቀርጻል። እስክሪብቶ ሲይዝ ያየሁት ደመወዝ ሲፈርም ብቻ ነው። «የእስክሪብቶ ነገር አንድ ቀን ተመልሶ ይጠይቅሃል ወልዴ» ይለኝ ነበር። ጉቦ አይበላም፤ ይኼን እመሰክርለታለሁ። ባለጉዳይ ሻይ ልጋብዝዎ ካለው የራሱን ከፍሎ ይነሳል። የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በእሱ በኩል ሳያልፍ ምንም ነገር እንዳይሄድ።

በእኔ ጊዜ ሰባት ሚኒስትር መጣ፣ ሰባት ሚኒስትር ሄደ። አንዱ የወታደር ልብስ ለብሶ መጣ፤ አንዱ ከጫካ፤ አንዱ ከውጭ አገር ትምህርት ቤት። መንግሥትም ተቀየረ። ጋሽ ደምሰው ያው እዚያው ወንበሩ ላይ ነው። አዲስ ሹመት በሬዲዮ ሲነገር ሌላው ሠራተኛ ይንጫጫል፤ እሱ እርሳሱን ይቀርጻል።

«ወልዴ፣ እንግዳ መጥቷል» ይለኛል።

«ምን ይዘጋጅ ጋሼ?»

«ወፍራም ወፍራሙን አውጣ።»

በመጀመሪያው ሳምንት ያለውን ወፍራም ፋይል ሁሉ አዲሱ ሚኒስትር ጠረጴዛ ላይ እንቆልላለን፤ ያረጀውን፣ የማይረባውን፣ ባለቤቱ የሞተውን ሳይቀር። ሰውዬው ሁሉን አነባለሁ ብሎ ይታገላል። በሁለተኛው ሳምንት ራሱ ይደውላል። «አቶ ደምሰው፣ ከዚህ ውስጥ አስቸኳዩ የትኛው ነው?» ጋሽ ደምሰው ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ፣ ሰውዬው ፊቱ ያለ ይመስል ጎንበስ ይላል። «እኔ ለይቼ አቀርብልዎታለሁ ክቡር ሚኒስትር። እርስዎ ምን አደከመዎ!» ስልኩን ዘግቶ ወደ እኔ ይዞራል።

«በቃ፣ ለመደ» ይላል።

ከዚያ ወዲያ ሚኒስትሩ የሚፈርመው ጋሽ ደምሰው ከላይ ያደረገውን ነው። ከታች ያደረገው ከታች ይቀራል። እኔ እስቅ ነበር። አገር የሚያስተዳድር ሰው እኔ በተሸከምኩለት ቅደም ተከተል ሲፈርም ማየት ልብ ያሞቃል፤ አልዋሽም። «ሚኒስትር እንግዳ ነው፤ የቤቱ ሰዎች እኔና አንተ ነን» ሲለኝ ደግሞ ተላላኪነቴን እረሳለሁ።

ያልወደደው ጉዳይ ሲመጣ እምቢ አይልም። እምቢ ሲል ሰምቼው አላውቅም። እኔ ከምቀመጥበት አግዳሚ ጀርባ አንድ መደርደሪያ ነበር፤ በእርሳስ «በመጣራት ላይ» የተባለ ካርቶን ተለጥፎበታል። የማይፈልገው ፋይል እዚያ ይገባል። አጣሪ የሚባል ሰው በቤቱ ውስጥ አልነበረም።

አንዴ ከጎጃም ድረስ የመጡ አዛውንት ፊቱ ቆሙ።

«እየተጣራ ነው አባቴ» አላቸው።

«ማን ነው የሚያጣራው ልጄ? እሱን ሰው ላናግረው።»

«ይጣራል አባቴ።»

«እኮ ማን?»

«የሚመለከተው ክፍል።»

ተነሥቶ ወንበር ሰጣቸው። የመንገዱን ድካም፣ የከብቱን ደኅንነት፣ የልጆቻቸውን ስም አንድ በአንድ ጠየቃቸው። አዛውንቱ ረክተው፣ ቆመው መረቁት። ጀርባዬ የእሳቸውን ፋይል ተደግፎ «አሜን» ያልኩት እኔ ነኝ።

ክፉ ሰው ነበር ብዬ ብገላገል በወደድኩ። አይሆንልኝም። ስቀጠር ፊደል በቅጡ አልለይም ነበር፤ ፋይሉን የማውቀው በቀለሙ ነው። በየቀኑ ከሻይ በኋላ የፋይል ሽፋን እያስነበበ ያቃናኝ እሱ ነው። ስሳሳት አይስቅብኝም። ሌላው ሠራተኛ ሲስቅብኝ ዞር ብሎ አንዴ ያየዋል፤ ያ ይበቃል።

ቤቴንም ያቆመልኝ እሱ ነው። ላፍቶ ገና እርሻ ሳለ ከአንድ ገበሬ ገዝቼ በጭቃ ያቆምኳት ጨረቃ ቤት ነበረች፤ ካርታ የላት፣ ፈቃድ የላት። አፍራሾች መጥተው በሯ ላይ በቀይ ቀለም ምልክት አደረጉባት። ባለቤቴ አራስ ናት። ለጋሽ ደምሰው ነገርኩት። ስልክ አነሣ። «የላፍቶው የእኛ ሰው ነው፤ እስቲ ይቆይ» አለና ዘጋው። ለማን እንደደወለ እስከ ዛሬ አላውቅም። በማግሥቱ ግራና ቀኝ ያሉት ቤቶች ፈረሱ፤ የእኔ ቆመች። ጎረቤቶቼ ቆርቆሯቸውን ሲለቅሙ በሬን ዘግቼ ውስጥ ተቀመጥኩ። ካርታ ግን አልወጣላትም። ብዙ ዓመት የቆመችው በእሱ ቃል ብቻ ነው።

አሁን ወደ ማፍርበት ልምጣ።

ትርሲት የምትባል ልጅ ወጪ ደብዳቤ ላይ ተመድባ መጣች። ፈጣን፣ ተጫዋች። ፋይል ተሸክሜ ሳልፍ «ጋሽ ወልዴ፣ ዛሬም የሞቱትን ነው የተሸከሙት?» ትለኛለች። «አንቺን እስክሸከም ድረስ» እላታለሁ። እንሳሳቃለን። ጋሽ ደምሰውን የማትፈራው እሷ ብቻ ነበረች።

በዚያው ዓመት የመጣው ሚኒስትር ችኩል ነበር። በየክፍለ ሀገሩ ባሉ መጋዘኖቻችን ዕድሜያቸውን ሙሉ በቀን ሠራተኝነት የተሸከሙ ሰዎች ነበሩ። ቋሚ ይሁኑ ብሎ በስብሰባ ወሰነ። ስማቸውና የሠሩበት ዘመን በየመጋዘኑ ኃላፊ እጅ ተጽፎ፣ ተፈርሞበት፣ ተሰብስቦ መጣ። ያ ዝርዝር ሌላ ቅጂ አልነበረውም። ሚኒስትሩ ፈረመበት፤ እኔ ይዤው ወረድኩ፤ ትርሲት በርክክብ መዝገቡ ላይ ተረከብኩ ብላ ፈረመች።

ስለዚህ መዝገብ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። በቤታችን ፋይል ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ የሚቀበለው ይፈርማል። ጠራጊዋ እንኳ ትፈርማለች። ጋሽ ደምሰው ብቻ አይፈርምም። እሱን ፈርም የሚለው ሰው አልነበረም፤ እኛም ነገሩ እንግዳ ሆኖብን አያውቅም። ያን ቀን ከትርሲት ጠረጴዛ ላይ ፋይሉን አነሣና ከኋላዬ ካለው መደርደሪያ ከተተው።

«ቅጥር በስብሰባ አይሆንም። እኔን የጠየቀኝ አለ?» አለ።

ሳምንት አለፈ፤ ወር አለፈ። ሚኒስትሩ ሲደውል «እየተጣራ ነው ክቡር ሚኒስትር» ይባላል። አንድ ቀን ሚኒስትሩ ኮሪደር ላይ ትርሲትን አገኛት። ያ የተሸካሚዎቹ ነገር ወዴት ሄደ ሲላት፣ እሷ ደግሞ መዋሸት አታውቅም፣ «እዚሁ መደርደሪያ ላይ ነው ያለው» አለችው። «ነገ ጠዋት ወርጄ በዓይኔ አየዋለሁ» አለ።

ወሬው ከእሱ ቀድሞ ወረደ። ከሥራ መውጫ በፊት ጋሽ ደምሰው ጠራኝ። ፋይሉ ጠረጴዛው ላይ ነው።

«ወልዴ፣ ይቺን ቤትህ አቆይልኝ።»

«ጋሼ፣ ኋላ ችግር...»

አልተቆጣም። እርሳሱን እያየ፣ «ላፍቶ እንዴት ነው?» አለኝ። «ቤቱ ዝናብ አያስገባም? ልጆቹ ደኅና ናቸው?»

ያለው ይኼን ብቻ ነው። እኔም «ደኅና ናቸው» አልኩ። ለቤት የገዛሁት ሽንኩርት በዘንቢል ነበረኝ። ፋይሉን ከሥር፣ ሽንኩርቱን ከላይ አድርጌ በዘበኞቹ ፊት ወጣሁ። የትርሲት ክፍል መስኮት ክፍት ነበር፤ ቀና ብዬ አላየሁም።

በማግሥቱ ሚኒስትሩ ወረደ። ፋይሉ መደርደሪያው ላይ የለም። መዝገቡ ተገለጠ፤ የመጨረሻው ፊርማ የትርሲት ነው። ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው የአስተዳደር ኃላፊው አቶ ታምራት ነበሩ። በምስክርነት ጠሩኝ።

«ፋይሉን ለማን አስረከብክ?»

«ለወይዘሪት ትርሲት።»

«ከዚያ በኋላ ከእሷ እጅ ሲወጣ አይተሃል?»

ትርሲት ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች። እያየችኝ ነው። የምጠብቀው ቁጣ ነበር፤ አልተቆጣችም። ልጅ የአባቱን እጅ እንደሚጠብቅ ዓይነት ነው ያየችኝ።

«አላየሁም» አልኩ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«ከእሷ ጋር ነው የቀረው።»

በወሩ ተባረረች። ሰነድ በማጥፋት ተብሎ ተጻፈባት። ዕቃዋን ካርቶን ውስጥ አድርጋ ስትወጣ በሩን የከፈትኩላት እኔ ነኝ። «አመሰግናለሁ ጋሽ ወልዴ» አለችኝ።

ሚኒስትሩም ብዙ አልቆየም፤ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። በዚያው ሳምንት ጋሽ ደምሰው «በል፣ ያቺን መልሳት» አለኝ። መለስኳት። ከመደርደሪያው ጀርባ ወድቃ ተገኘች ተባለ፤ ማንም አልጠየቀም። መጋዘኖቹ ለሌላ ተሰጡ፤ ተሸካሚዎቹ እንደ ቀን ሠራተኛ መጥተው እንደ ቀን ሠራተኛ ተበተኑ። አንድ ቀን ድፍረት አግኝቼ፣ «ጋሼ፣ ፋይሉ ከተገኘ እንግዲህ የልጅቷ ነገርስ?» አልኩት።

ዓይኔን አላየኝም። ከአንድ የጠረጴዛው ጥግ ወደ ሌላው ጥግ በመሐረቡ ጠረገ።

«እየተጣራ ነው» አለኝ። ለእኔ። ያን ቀን ነው እኔም ባለጉዳይ መሆኔን ያወቅሁት።

እንዲህም ሆኖ እስከ ጡረታዬ ፋይሉን ተሸከምኩለት። በዓል ሲሆን ለቡ ካለው ቤቱ ድረስ ሄጄ እንኳን አደረሰዎ አልኩት። ካርታዬ በኋላ በሕግ ሲወጣ ደውዬ ያመሰገንኩት እሱን ነው፤ ምንም ሳያደርግ።

ለቅሶው ላይ ለቡ ድንኳን ተጥሏል። የእድሩ ዳኛ ያው የኮሚቴው ሰብሳቢ የነበሩት አቶ ታምራት ናቸው። ብዙ የድሮ ሰው ተሰብስቧል። «ጋሽ ወልዴ፣ ከማናችንም በላይ አንተ ነህ የምታውቀው፤ አንድ ነገር በል» አሉኝ። ተነሣሁ። ቅን፣ አገሩን ያገለገለ፣ ማንንም ያላስቀየመ ሰው ነበር አልኩ። «ማንንም» ስል ከሴቶቹ መካከል አንዲት ጥቁር ነጠላ የተከናነበች ቀና አለች። ጠጉሯ ሸብቷል። ትርሲት ናት።

ስወጣ በር ላይ ጠበቀችኝ።

«ጥሩ ተናገሩ ጋሽ ወልዴ» አለች። ፌዝ የለበትም። እጄን ጨብጣኝ ሄደች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግብ አልወርድ አለኝ። እኔ ግትር ሰው ነኝ፤ ባለቤቴ ሐኪም ቤት እንሂድ ስትል አይሆንም አልኩ፤ በሽታዬን አውቀዋለሁ። የት እንዳለች ጠያይቄ ፉሪ ሄድኩ። ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ማዶ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አላት፤ ለሰው ማመልከቻ ትጽፋለች። ሰልፍ ነበር። ተራዬን ጠብቄ ቆምኩ። ስደርስ ሳታየኝ፣ ዓይኗ ኮምፒውተሩ ላይ እንደሆነ፣ «ለየትኛው መሥሪያ ቤት ነው?» አለች።

«ለአንቺ ነው።»

ቀና አለች። ቆሜ፣ ሰው እየሰማ፣ ፋይሉን እኔ እንደወሰድኩት ነገርኳት። የጠበቅሁት ጩኸት ነበር።

«አውቃለሁ» አለች። «ዘንቢል ይዘው ሲወጡ በመስኮት አይቼዎታለሁ። ፋይሉ ከመደርደሪያው ሲጠፋ ገባኝ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«እኔ ብናገር ተከሳሽ ነኝ፤ ማን ያምነኛል? እርስዎ ይናገራሉ ብዬ ነዋ! ኮሚቴው ፊት ይናገራሉ አልኩ። ከዚያ ደብዳቤው ሳይደርሰኝ ይናገራሉ አልኩ። በሩን ሲከፍቱልኝ እንኳ አሁን ይናገራሉ ብዬ ነበር።» ድምፅዋ እዚህ ላይ ተሰበረ። «ሥራውስ ይሁን። አባቴ ሲያርፍ ልጁ የመንግሥት ሰነድ ሰርቃ እንደተባረረች ነው የሚያውቀው። አይደለም ብዬው ነበር። ‹ልጄ፣ ኮሚቴ እኮ ነው የወሰነው› አለኝ።»

ከኋላዬ የቆመች ሴት «ውይ» አለች። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

«ይቅር በይኝ ትርሲት።»

«ፎቶ ኮፒ ቤት መጥቶ ለእኔ መንገር ይቀላል ጋሽ ወልዴ። እኔ ድሮም አውቀዋለሁ። እሳቸውን ያመሰገኑበት ቦታ ይንገሩ። እዚያ የነበሩት ናቸው ሌባ የሚሉኝ።» ከዚያ ከኋላዬ ያለችውን ሴት ጠራች። «እህቴ፣ ለየትኛው መሥሪያ ቤት ነው?»

አርባው ለቡ በዚያው ድንኳን ነበር። እንዳልሄድ ሦስት ሰበብ አዘጋጅቼ ነበር፤ ጉልበቴ፣ ዝናቡ፣ የሟች ባለቤት ማዘን። ሦስቱም እውነት ናቸው። ሄድኩ። ሰው በልቶ ሊነሣ ሲል ቆምኩ።

«ባለፈው የተናገርኩት ውሸት ነው» አልኩ።

የተሸካሚዎቹን ፋይል ጋሽ ደምሰው እንደሰጠኝ፣ በሽንኩርት ሸፍኜ ላፍቶ እንደወሰድኩት፣ ለኮሚቴ እንደዋሸሁ፣ ትርሲት ምንም እንዳልነካች ተናገርኩ። ቃሉ አልሰመረልኝም፤ ተንተባተብኩ፤ አንዱን ሁለቴ አልኩት። የሟች ባለቤት ፊታቸውን በነጠላ ሸፈኑ። እሳቸው ምንም አላጠፉም፤ ለእሳቸውም አፈርኩ።

ማንም አልጮኸብኝም። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር። አቶ ታምራት ተነሥተው ትከሻዬን አቀፉኝ። «ሐዘኑ ከብዶታል» አሉ ለሰዉ፤ ድምፃቸው ለስላሳ ነው። «ዕድሜም ነው። ጋሽ ወልዴ፣ ቁጭ በል በቃ። ይኼ ሌላ ጊዜ በእርጋታ ይታያል። እስቲ ውሃ ስጡት።»

«አይዞዎት አባባ» አለ አንዱ። «ደክሟቸው ነው» አለ ሌላው። ጭንቅላት ሁሉ ተነቀነቀ። የተናገርኩት ነገር ከአፌ ወጥቶ ገና መሬት ሳይነካ ሲሟሟ አየሁት። አጠፋፉ ከድሮው መሥሪያ ቤታችን የመጣ ነው፤ እኔም ሠላሳ ዓመት የሠራሁበት ነው። ተቀመጥኩ። ብርጭቆ እጄ ላይ ተደረገ። ይኼን ስጽፍ ከሁሉ በላይ የሚያሳፍረኝ፣ ልጠጣው ወደ አፌ ማስጠጋቴ ነው። ጠጥቼ፣ ደክሞኝ ነበር ተብዬ፣ ወደ ቤቴ ልሄድ ነበር።

አንድ እጅ ብርጭቆውን ያዘው። ትርሲት ናት። ሴቶቹን አልፋ፣ በወንዶቹ መሐል መጥታ ፊቴ ቆማለች። ኮሚቴው ፊት ባየችኝ ዓይን አይደለም አሁን ያየችኝ። ከእኔ የምትጠብቀው ነገር ያለ አይመስልም፤ የምታዘኝ ነው የሚመስለው።

«አይጠጡት ጋሽ ወልዴ» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ቆመው ይድገሙት።»

አቶ ታምራት «ኧረ ተይ ልጄ...» ማለት ሲጀምሩ የወንበሩን ጀርባ ይዤ ተነሣሁ።

ደገምኩት።